«ሁለተኛ ጨዋታዬን እንዳታይ» አለኝ

ደብዳቤው

እህቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልሽ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ታክሲ ነው የምሠራው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሬገን ኤርፖርት አካባቢ። የ16 ዓመት ልጅ አለኝ፣ 11ኛ ክፍል ነው። እኔ ደሴ ኳስ ስራገጥ ያደግሁ ሰው ነኝ። እሱ ግን ገና በልጅነቱ ከሰፈር ልጆች ጋር ቤዝቦል ጀመረና ሌላ ነገር አላይም አለ። ዘንድሮ የሀይስኩሉ ቫርሲቲ፣ ማለትም ዋናው ቡድን ውስጥ ገባ። አንዳንዴ ራይት ፊልድ፣ ማለትም የሜዳው ቀኝ ጥግ ይቆማል፣ አንዳንዴ ደግሞ ፒቸር፣ ማለትም ለመቺው ኳስ ወርዋሪ ሆኖ ይወረውራል።

ባለፈው ሳምንት ሥራዬን አቋርጬ ሄድኩ። ጨዋታው ብዙም አይገባኝም። ሦስት ጊዜ ሊመታ ወጣ፣ ሦስቱንም ሳይመታ ተመለሰ። የመጨረሻዋን ጭራሽ ዱላውን ሳይወዘውዝ ቆሞ አሳለፋት። እኔ ከአጥሩ ጀርባ ሆኜ በአማርኛ «ምታው! ምን ቆመህ ታያለህ፣ ምታው እንጂ!» እያልኩ እጮህ ነበር። መኪና ውስጥ ስንገባ «ለምን አልመታህም? እኔ እኮ ስንት ገንዘብ ትቼ ነው የመጣሁት» አልኩት። ቤት እስክንደርስ አልመለሰልኝም። ሲወርድ ግን «ሁለተኛ ጨዋታዬን እንዳታይ» ብሎኝ በሩን ዘጋው።

ባለቤቴ «ይሄ የነጭ ጨዋታ ነው፣ ይተወውና ትምህርቱን ያጥና» ትላለች። ወንድሟ ደግሞ «ስኮላርሺፕ ያገኝበታል» ይላል። በእሱ ምክር ነው ትራቭል ቲም፣ ማለትም ከትምህርት ቤት ውጪ ተከፍሎ የሚገባበት ቡድን፣ ያስገባነው፣ ብዙ ሺህ ዶላር ከፍለናል። እሁድ እሁድ እዚያም ይወረውራል። ማታ ማታ ክርኑ ላይ በረዶ አድርጎ ሲያጠና አየዋለሁ፣ ጠንካራ ልጅ ነው፣ አያማርርም። የትምህርት ቤቱ አሰልጣኝ ደግሞ አንዳንድ ጨዋታ ላይ ከመጀመሪያ አያስገባውም፣ ላነጋግረው እያሰብኩ ነው። አርብ ጨዋታ አለ። ልሂድ ወይስ ልቅር? ቤዝቦሉንስ ላስተወው?

ግራ የገባው አባት

መልስ

ወንድሜ፣

የጠየቅከኝን ሁሉ እመልስልሃለሁ። ግን ደብዳቤህን ሳነብ መሃሉ ላይ ደንግጬ ቆምኩ። አንተ እንደዋዛ ጠቅሰህ ነው ያለፍከው። ማታ ማታ ክርኑ ላይ በረዶ ያደርጋል ብለሃል። ጠንካራ ስለሆነ አያማርርም ብለሃል። እኔ ግን ከአርቡ ጨዋታም፣ ከመኪናው ጭቅጭቅም፣ ከስኮላርሺፑም በፊት ስለዚህ ክርን ነው ማውራት የምፈልገው።

ልጅህ በሳምንቱ መሃል ለትምህርት ቤቱ ይወረውራል። እሁድ ደግሞ ለምትከፍሉበት ቡድን ይወረውራል። ሁለት አሰልጣኝ አለው ማለት ነው። አንዱ የማክሰኞውን ያውቃል፣ ሌላው የእሁዱን ያውቃል፣ ሁለቱን የሚደምር ግን የለም። ልጁ ራሱ አይደምርም። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ከሜዳ እንዳያወጡት ቢያመውም ዋጥ ያደርገዋል። ሁለቱም ቦታ የሚያደርሰውና ቤት ሲገባ በረዶውን የሚያየው ሰው አንተ ነህ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፒቸር ኳሱን በሙሉ ኃይሉ ሲወረውር ክርኑ በውስጥ በኩል በጣም ይለጠጣል። እዚያ ጋ ሁለት አጥንት አያይዞ የያዘ ጅማት አለ። በቂ ዕረፍት ካገኘ ያገግማል፣ ካላገኘ እየሳሳ ይሄድና አንድ ቀን ይበጠሳል። በልጆች ላይ ደግሞ አጥንቱ ገና እያደገ ስለሆነ የሚያድግበት ቦታ ራሱ ሊጎዳ ይችላል። ቶሚ ጆን የሚባል የሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ቡድን ፒቸር ይህ ጅማት ተበጥሶበት ነበር። በ1974 ዶክተር ፍራንክ ጆብ ከቀኝ ክንዱ ጅማት ወስዶ ግራ ክርኑ ላይ ሠራለት፣ ሰውየውም በ1976 ወደ ሜዳ ተመለሰ። ቀዶ ጥገናው እስከ ዛሬ በእሱ ስም ነው የሚጠራው። ያኔ ለአንድ ፕሮፌሽናል ተጫዋች የተፈለሰፈ ሕክምና ነበር። ዛሬ ግን የሀይስኩል ልጆች ላይ ይሠራል፣ ተመልሶ ለመወርወርም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ይወስዳል።

ስለዚህ ነው ቆጠራ የመጣው። ከ2017 ጀምሮ የሀይስኩል ቤዝቦልን ደንብ የሚያወጣው ብሔራዊ ፌዴሬሽን እያንዳንዱ ስቴት በተወረወረ ኳስ ብዛት ላይ የተመሠረተ ገደብ እንዲኖረው አስገድዷል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2014 ትልቁ የፕሮፌሽናል ሊግ ሜጀር ሊግ ቤዝቦልና የአገሪቱ የቤዝቦል አካል ዩኤስኤ ቤዝቦል አብረው ፒች ስማርት የሚባል መመሪያ አውጥተዋል። በዚያ መመሪያ የ15 እና የ16 ዓመት ልጅ በአንድ ቀን ከ95 ኳስ በላይ አይወረውርም። 76 ወይም ከዚያ በላይ ከወረወረ አራት ቀን ያርፋል። ከ46 እስከ 60 ከሆነ ሁለት ቀን። 30 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ብቻ ነው በማግስቱ መወርወር የሚችለው።

አሁን የልጅህን ሳምንት በዚህ እንየው። ቁጥሩን ስላልነገርከኝ ለምሳሌ ያህል ልውሰድ። ማክሰኞ ለትምህርት ቤቱ 80 ወረወረ እንበል። ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ አርብ፣ ቅዳሜ አረፈ። እሁድ ለትራቭል ቲሙ 60 ወረወረ። እስካሁን በደንቡ ነው። ግን እሁድ 60 የወረወረ ልጅ ሰኞንና ማክሰኞን ማረፍ አለበት። የትምህርት ቤቱ አሰልጣኝ ደግሞ እሁድ የሆነውን አያውቅም። በእሱ ደብተር ልጁ ሳምንቱን ሙሉ ያረፈ ነው፣ ማክሰኞ እንደገና ያስወረውረዋል። እያንዳንዱ አሰልጣኝ ደንቡን አክብሮ ልጁ ግን ይጎዳል። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ለማሟሟቅ የሚወረውረው ደግሞ እዚህ ቁጥር ውስጥ ጭራሽ አይገባም።

አላባማ ውስጥ የሚገኘው የአሜሪካ ስፖርት ሕክምና ተቋም ተመራማሪዎች በ2006 ባወጡት ጥናት ክርናቸው ወይም ትከሻቸው ቀዶ ጥገና የተደረገላቸውን ወጣት ፒቸሮች ካልተጎዱት ጋር አወዳድረው ነበር። እጁ እየደከመው አዘውትሮ የሚወረውር ልጅ ለቀዶ ጥገና የመዳረግ ዕድሉ 36 እጥፍ ሆኖ አገኙት። በዓመት ከስምንት ወር በላይ የሚወረውረው ደግሞ አምስት እጥፍ። 36 እጥፍ የሚለውን ሳነብ ደጋግሜ ነው ያየሁት። ከሁሉም በላይ ጎልቶ የወጣው አንድ ነገር ነው። ደክሞት መወርወሩ ነው።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ሥራ አለኝ አትበል፣ ነገ ጠዋት ሐኪም ጋ ደውል። የልጆች ሐኪሙ ይሁን፣ የሚቻል ከሆነ ደግሞ የስፖርት ሕክምና የሚያውቅ ሰው ይየው። የሚያመው በየት በኩል እንደሆነ ጠይቀው። በውስጥ በኩል ከሆነ፣ ወይም እጁን ሙሉ በሙሉ መዘርጋት ካቃተው፣ ወይም ትንሿና የቀለበት ጣቱ አካባቢ የሚደነዝዘው ከሆነ ለሐኪሙ በግልጽ ንገር። ሐኪሙ እስኪያየው ድረስ አንድም ኳስ አይወርውር፣ ከራይት ፊልድም ቢሆን። ይቆጣሃል። ይቆጣ። በረዶው ሕመሙን ያደነዝዝለታል እንጂ ጅማቱን አይጠግንለትም። ለሁለቱም አሰልጣኞች ዛሬውኑ «ክርኑን ያመዋል፣ ሐኪም እስኪያየው ይቆያል» ብለህ በቴክስት ላክ። አጭር ይሁን። ፈቃድ አትጠይቅ፣ አሳውቅ።

አሁን ወደ ጥያቄህ።

ልቅር ወይ ብለሃል። አትቅር። ግን ልጁ ለምን እንዳትመጣ እንዳለህ መጀመሪያ እንየው፣ ምክንያቱ አንተ የገመትከው አይመስለኝም።

ኳስ እየተጫወትክ ያደግህ ሰው ነህ። እግር ኳስ ሜዳ ላይ 22 ሰው አለ። አንድ ልጅ ኳስ ቢሳሳት ጨዋታው ይቀጥላል፣ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ማንም አያስታውሰውም። ቤዝቦል ላይ ግን የሚመታው ልጅ ብቻውን ነው የሚቆመው። ሁሉም ሰው ያየዋል። ፒቸሩ የቆመው 18 ሜትር ተኩል ያህል ርቆ ነው። በሰዓት 80 ማይል የሚመጣ ኳስ ልጅህ ጋ ለመድረስ ግማሽ ሰከንድ እንኳ አይፈጅበትም። በዚያች ጊዜ ውስጥ ቀጥ ያለ ይሁን የሚታጠፍ፣ ስትራይክ ዞን በሚባለው ምናባዊ ሳጥን ውስጥ ይግባ ወይም ወጣ ይበል ለይቶ፣ መምታት ወይም መተው መወሰን አለበት። መጥፎ ኳስ መተው ትልቅ ችሎታ ነው። አራት መጥፎ ኳስ የተወ ልጅ ሳይመታ መጀመሪያው ቤዝ ላይ፣ ማለትም ሯጩ የሚደርስበት የመጀመሪያ ማረፊያ ላይ፣ በእግሩ ይሄዳል። ሦስተኛዋን ስትራይክ፣ ማለትም በሳጥኑ ገብታ ተራውን የምታሳጣውን ኳስ፣ ቆሞ ያሳለፈ ልጅ ፈዝዞ ወይም ሰንፎ ላይሆን ይችላል። ወጣች ብሎ ፈርዶ ዳኛው (አምፓየሩ) ገባች ብሎበት ይሆናል። ከአጥር ጀርባ ሆነህ ይህን መለየት አትችልም። እኔም አልችልም።

ደግሞ ይህ ጨዋታ ባብዛኛው አለመምታት ነው። ከ10 ሙከራ ሦስቱን የሚመታ ሰው በዓለም ትልቁ ሊግ ውስጥ ጎበዝ ተብሎ ሚሊዮኖች ይከፈለዋል። ቴድ ዊሊያምስ የሚባል ተጫዋች በ1941 በአማካይ 0.406 መታ፣ ከሺህ ሙከራ 406ቱን እንደማለት ነው፣ እስከ ዛሬ ድረስ ሰዎች በአድናቆት ያወሩለታል። ያን ዓመትም ከ10 ሙከራው ስድስት ያህሉ አልተሳካለትም። ልጅህ ሦስቴ ወጥቶ ሦስቴ ባዶውን ሲመለስ ዳግአውት፣ ማለትም የተጫዋቾቹ መቀመጫ ውስጥ ያሉት ጓደኞቹ ይህን ያውቃሉ፣ አሰልጣኙም ያውቃል። ጀርባውን መታ መታ አድርገውት ያልፋሉ። ውጤት መዝጋቢው በሦስት ስትራይክ ለወጣ ልጅ በደብተሩ ላይ ኬ (K) የምትለውን ፊደል ይጽፋል፣ ቆሞ ያሳለፋት ከሆነ ደግሞ ገልብጦ ይጽፋታል። ያ ገጽ አይጠፋም። ልጁ መኪናው ውስጥ ሲገባ ሌላ መዝጋቢ አያስፈልገውም።

አሁን የሚከብደውን ልንገርህ። ልጅህን የጎዳው ጩኸትህ አይደለም ብዬ አምናለሁ። «ስንት ገንዘብ ትቼ ነው የመጣሁት» ያልከው ነው።

እዚህ አገር ያሳደግናቸው ልጆች ስንት ሰዓት እንደምንተኛ ያውቃሉ። አባታቸው ሌሊት ገብቶ ልብሱን ሳያወልቅ ሶፋ ላይ ሲተኛ አይተዋል። እናታቸው ሁለት ፈረቃ ስትሠራ አይተዋል። ስለማይናገሩ ያላዩ ይመስለናል። ልጅህ አንተ አጥሩ ጋ ቆመህ ሲያይህ ገና ሳትነግረው ያውቀዋል፣ ይሄን ሰዓት አባቴ ኤርፖርት መሆን ነበረበት ብሎ ያስባል። ደስ እንዲልህ ይፈልጋል። አንድ ጊዜ መትቶ ቤዝ ላይ ቆሞ ወደ አንተ መመልከት ይፈልጋል። ሳይሳካለት ሲቀር ስለጨዋታው ብቻ ሳይሆን ስለ አንተም ነው የሚያዝነው። እንደዚያ ሆኖ መኪናህ ውስጥ ሲገባ ሂሳቡን ከአንተው አፍ ሰማ። ከዚያ በኋላ ዱላ በያዘ ቁጥር ትከሻው ላይ የአንተ የዕለት ገቢ ተቀምጧል። በዚያ ላይ ግማሽ ሰከንድ ብቻ ነው ያለው። እኔ ብሆን እኔም እንዳትመጣ እልህ ነበር።

መሥዋዕትነትህ ትንሽ ነው እያልኩ አይደለም። ትልቅ ነው። ግን ስጦታ ከሆነ ዋጋውን አትንገረው።

ስለዚህ ይቅርታ ጠይቀው። አውቃለሁ፣ የእኛ አባቶች ልጃቸውን ይቅርታ ሲጠይቁ አላየንም፣ ስንጣላ የተቆረሰ እንጀራ ወይም በሽማግሌ የመጣ መልእክት ነበር ይቅርታው። ልጅህ ግን እዚህ ነው ያደገው፣ በቃል ይሰማዋል። ረጅም ንግግር አያስፈልግም። «የገንዘቡን ነገር መናገር አልነበረብኝም፣ አንተን ለማየት ነው የመጣሁት» በለው። ከዚያ ሌላ ወሬ ጀምር ወይም ዝም በል። «ግን አንተም…» ብለህ ከቀጠልክ ግን የተናገርከው ሁሉ ከንቱ ነው።

መኪናውን በተመለከተ ደንብህ ቀላል ይሁን። ጨዋታው ሲያልቅ «አይዞህ» ወይም «ጎበዝ»፣ ቀጥሎም «ምን ትበላለህ?» ነው። ስለ ጨዋታው እሱ ካነሳ አዳምጥ። ካላነሳ ሬድዮ ክፈት። እርቦታል፣ ደክሞታል፣ የቤት ሥራም ይጠብቀዋል።

ስለ ጩኸቱም ልበልህ፣ በአማርኛ ስለጮህክ አትፈር። እሱም ማፈር የለበትም። ከቤታችሁ ቋንቋ «ጎበዝ የኔ ልጅ!» ሲሰማ ደስ የሚለው ጊዜ ይመጣል፣ ጓደኞቹም ቃሉን ይለምዱታል። ችግሩ ሰዓቱና ይዘቱ ነው። ፒቸሩ ሊወረውር ሲዘጋጅ ዝም ይባላል። የሚመታው ልጅ ዓይኑን ከኳሱ ላይ ማንሳት የለበትም። ኳሱ ከተመታ በኋላ፣ ልጁ ከሮጠ በኋላ፣ ጥሩ ከያዘ በኋላ የፈለግከውን ያህል ጩህ። «ምታው» ግን ትእዛዝ ነው፣ ትእዛዝ የሚሰጠው አሰልጣኙ ነው። በአንድ ጊዜ ከሁለት ሰው ትእዛዝ መስማት አይችልም፣ በተለይ አንደኛው አባቱ ሲሆን።

የት እንደምትቀመጥም አስብ። ከሆም ፕሌት፣ ማለትም መቺው ከሚቆምበት፣ ጀርባ አትቁም፣ እዚያ ከሆንክ ልጁ ትንፋሽህን ሁሉ ይሰማል። በመጀመሪያው ቤዝ በኩል ወዳለው ወንበር ሂድ፣ ራይት ፊልድ ሲቆምም ከዚያ ይታይሃል። ማርች ላይ የቨርጂኒያ ንፋስ ቀልድ የለውም፣ የብረቱ ወንበር ደግሞ በረዶ ነው፣ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ይዘህ ሂድ። ከሌሎቹ ወላጆች ጋር ቁጭ በል። ከእኛ አባቶች አንዳንዶቹ ቋንቋውም ጨዋታውም እንግዳ ሆኖባቸው መኪናቸው ውስጥ ሆነው በመስታወት ሲያዩ አስተውያለሁ። ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ልጁ ወደ ወንበሮቹ ሲያይ ያጣቸዋል። በየቡድኑ አንድ ደብተር ይዛ ውጤት የምትመዘግብ እናት አትጠፋም። አጠገቧ ተቀመጥና «ይሄ ምንድን ነው?» ብለህ ጠይቃት። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚወዱ ሰዎች ናቸው፣ ሰባቱ ኢኒንግ (የጨዋታው ዙር) ሳያልቅ ግማሹን ታስተምርሃለች።

ከዚያ ደግሞ ሥራ ልስጥህ። ከሐኪም ተመልሶ መወርወር ሲፈቀድለት አንተ ቁጠር። ለቆጠራ ተብሎ የተሠራ በእጅ የሚጫኑት ትንሽ መሣሪያ በጥቂት ዶላር ይሸጣል፣ ካልፈለግክ ማስታወሻ ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃሃል። እሱ በወረወረ ቁጥር አንድ ሰረዝ። ብዙ ቡድኖች ጌምቼንጀር በሚባል አፕ ስለሚመዘግቡ የአንተን ቁጥር ከዚያ ጋር ማስተያየት ትችላለህ። ትምህርት ቤትም እሁድም ቁጠር። ቀኑንና ቁጥሩን ስልክህ ላይ አስቀምጥ። ስንተኛ ኢኒንግ ላይ ኳሱ ወደ ላይ ወደ ላይ መሄድ እንደጀመረ፣ መቼ ትከሻውን ማሸት እንደጀመረ ጻፍ። ደክሞታል ማለት ነው። ይህን ለማየት የቤዝቦል ሊቅ መሆን አያስፈልግህም፣ ልጅህን ማወቅ ይበቃል። እጅህም አፍህም ሥራ ያገኛል፣ «ምታው» የሚለው ራሱ ይጠፋል።

አሰልጣኙን ስለማነጋገር። ለምን አላስገባኸውም ብለህ አትሂድ። ሜዳ ላይ የሚቆሙት ዘጠኝ ናቸው፣ ልጅህ ደግሞ ቫርሲቲ ሲገባ የመጀመሪያ ዓመቱ ነው። እዚህ አገር ስለመሰለፍ የሚጠይቀው ተጫዋቹ ራሱ ነው። «ለመሰለፍ ምን ላሻሽል?» ብሎ አሰልጣኙን እንዲጠይቅ አበረታታው፣ ከቤዝቦል ውጪም ይጠቅመዋል። ስለ ክርኑ፣ ስለ ድካሙና ስለ ወረወረው ቁጥር ግን የምትናገረው አንተ ነህ። በዚህኛው አትለሳለስ። ፒቸር ሆኖ ከወጣ በኋላ በዚያው ቀን ካቸር፣ ማለትም ከመቺው ጀርባ ሆኖ ኳስ ያዥ ሊያደርጉት ቢሞክሩም እንደዚሁ እምቢ በል፣ ካቸርም በየኳሱ መልሶ ይወረውራልና።

ለባለቤትህ ይህን አንብብላት። እህቴ፣ የትምህርቱ ስጋትሽ ትክክል ነው። ግን ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ልጅ ለትምህርት ቤት ቡድን ለመሰለፍ ባለፈው ሴሚስተር አምስት ትምህርት ማለፍ አለበት። ቤዝቦሉን ስለሚወድ ደብተሩን የሚይዝ ልጅ ብዙ ነው። ቤዝቦሉን ነጥቀሽ ደብተሩን እንዲወድ ማድረግ ግን አይቻልም። ትምህርቱ ከወረደ ያን ጊዜ የእሁዱ ቡድን ይቀንስ፣ የትምህርት ቤቱ ይቆይ።

የነጭ ጨዋታ ነው ያልሽውን ግን አልቀበልሽም። ዲሲ ውስጥ ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልን ታውቂዋለሽ፣ ከእኛ ሰዎች ምግብ ቤቶች ከዩ ስትሪት ትንሽ ከፍ ብሎ ያለውን። ሆስፒታሉ ከመሠራቱ በፊት እዚያ ቦታ ላይ ግሪፊት ስታዲየም ነበር። ጥቁሮች ከነጮች ጋር እንዳይጫወቱ ተከልክለው በነበረበት ዘመን ሆምስቴድ ግሬይስ የሚባል የጥቁሮች ቡድን ብዙ ጨዋታውን እዚያ ያደርግ ነበር። የቡድኑ ኮከብ ጆሽ ጊብሰን እዚያ ተጫውቷል፣ ዛሬ የዲሲ ቡድን የሚጫወትበት ናሽናልስ ፓርክ ብትሄጂ ሐውልቱን ታይዋለሽ። ጃኪ ሮቢንሰን የሚባል ጥቁር ተጫዋች ሚያዝያ ላይ፣ በፈረንጆቹ ኤፕሪል 15 ቀን 1947 ለብሩክሊን ዶጀርስ ተሰልፎ ያን አጥር ሰበረ። አሁን በየዓመቱ በዚያች ቀን በትልቁ ሊግ ያለ ተጫዋች ሁሉ የእሱን 42 ቁጥር ይለብሳል። ልጅሽ ራይት ፊልድ ሲቆም የሰው ቤት አልገባም። አንድ እሁድ፣ ትራቭል ቲሙ በሚያርፍበት ቀን፣ ሁላችሁም ናሽናልስ ፓርክ ሂዱና እሱ ያስረዳችሁ። ልጅ ወላጁን ሲያስተምር ፊቱ እንዴት እንደሚሆን ታያላችሁ።

ስኮላርሺፑን በአጭሩ ልንገራችሁ፣ ወንድምሽም ይስማ። ሀይስኩል ቤዝቦል ከሚጫወቱት ውስጥ ኮሌጅ ገብተው በኤንሲኤኤ (የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር) ደረጃ የሚጫወቱት ከመቶ አሥር እንኳ አይሞሉም፣ ከእነሱም ውስጥ ዲቪዚዮን ስሪ፣ ማለትም ሦስተኛው ደረጃ የሚገቡት የስፖርት ስኮላርሺፕ ጭራሽ የላቸውም። በዲቪዚዮን አንድ ለብዙ ዓመታት አንድ ቡድን የነበረው 11.7 ሙሉ ስኮላርሺፕ ብቻ ነበር፣ ያንኑ እስከ 27 ልጆች ይካፈሉት ነበር። በ2025 ደንቡ ተቀይሯል፣ ግን ያን ሁሉ ሺህ ዶላር እንደ ኢንቨስትመንት አድርጎ ማሰብ እስከ ዛሬም አያዋጣም። ልጁ ስለሚወደው ብትከፍሉለት ጥሩ። ስኮላርሺፕ ያመጣልናል ብላችሁ ከሆነ ግን ገንዘቡን ለኮሌጅ አስቀምጡ፣ ፋፍሳውን (የመንግሥት የኮሌጅ ድጎማ ማመልከቻውን) በጊዜ ሙሉ፣ ውጤቱ ላይ አተኩሩ። ክርኑ እያመመውም ስለተከፈለ ብቻ እሁድ እንዲሄድ የሚያደርግ ገንዘብ ከሆነ ደግሞ የጠፋ ገንዘብ ነው ብላችሁ እርሱት።

ወደ አርብ እንመለስ። ሐኪሙ እስከዚያ ካላየው ልጅህ አርብ አይጫወትም፣ ዩኒፎርሙን ለብሶ ዳግአውት ውስጥ ይቀመጣል። የሚበሳጭበት ቀን ነው። ከይቅርታው በኋላ፣ ሐሙስ ማታ «አርብ ልምጣ?» ብለህ ጠይቀው። እምቢ ካለ አክብርለት፣ ለሚቀጥለው ጨዋታ እንደገና ጠይቅ፣ አንዴ እምቢ ስላለህ አኩርፈህ አትቅር። እሺ ካለህ ግን እሱ ባይሰለፍም ሂድ። ልጁ በማይጫወትበት ቀን ሥራ አቋርጦ የመጣ አባት ስለ መምታትና ስላለመምታት እንዳልመጣ ራሱ ይታያል፣ አንተ ማስረዳት አይጠበቅብህም። የቡድኑን ኳስ ወርዋሪ እየቆጠርክ ተለማመድ። ሲያልቅ ስንት እንደወረወረ ለልጅህ ንገረውና ትክክል መሆንህን እሱ ይንገርህ።

ሐኪሙ ያለህን ጻፍልኝ። የትራቭል ቲሙ አሰልጣኝ «ትንሽ ሕመም ነው፣ ይወርውር» ካለህ ደግሞ አትከራከረው፣ ልጁን ይዘህ ቤትህ ግባና ያንኑ ቀን ጻፍልኝ።